ቅቤ፣ አቧራና ቀይ ሴሊካ

መኪናዬ ውስጥ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ይቀመጣል። እግሮቹ ገና ውጭ እንዳሉ ጫማውን ከጫማው ሁለት ሦስቴ ያጋጫል፣ ከዚያ ሰብስቦ ያስገባቸዋል። ባለቤቴም ልጆቼም ይህን ለምደውታል፤ እንግዳ ሲሆን እኔው ቀድሜ ገብቼ አሳያለሁ። ስስት የሚመስለው ሰው አለ። ስስት አይደለም። ከእጄ የገባ ዕቃ በእኔ ቸልተኝነት ሲያረጅ ማየት ሆዴ አይችልም። አባቴም እንዲሁ ነበር፤ አንዲት የቆዳ ቦርሳ ሥራ በጀመረበት ዓመት ገዝቶ በእሷው ጡረታ ወጥቷል።

መኪናው ቀይ ቶዮታ ሴሊካ ነው። ቶዮታ ይህን መኪና እ.ኤ.አ. በ1970 ጀምሮ በ2006 መሥራቱን አቁሟል፤ የእኔው ከመጨረሻው ትውልድ ነው፤ በሮቹ ሁለት፣ ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ ወንበሩ ሹፌሩን ከግራና ከቀኝ እንደ ክንድ አቅፎ የሚይዝ። የመቀመጫው መሀል ጥቁር ጨርቅ ሲሆን ጎንና ጎኑ ቆዳ ነው። ዛሬ ቢበላሽ ምትክ የለውም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክለዋል፤ ያለን ሰዎች ያለንን መጠበቅ ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ጎማ ይቀየራል። የተሰነጠቀ ክሩስኮት ግን ተሰንጥቆ ይቀራል፤ የተገሸለጠ የወንበር ጎንም መቼም እንደ ፊቱ አይሆን።

ስለ መሪ ቆዳ አንድ ነገር ልበል። መሪው ማብለጭለጭ ሲጀምር ብዙ ሰው «ቆዳው አለቀ» ይላል። አላለቀም። የሚያበራው የእጅ ወዝ ነው፤ ንጹሕ ቆዳ ደብዘዝ ይላል እንጂ አያበራም። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ ሳሙና ጠብ አድርጎ፣ ጨርቁን ጨምቆ፣ ቀስ እያሉ ሲጠርጉት ወዙ ቡና መስሎ ጨርቁ ላይ ይወጣል፣ ቆዳውም ሲነኩት እንደገና ሻከር ይላል። ያንን ቡናማ ጨርቅ ሳይ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው መኪናውን ይዞ ሰሜን ተራራ ሥር የገባው።

ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አክስቴ ከዳባት ደወሉ። የእህታቸው ልጅ ልትዳር ነው። «ልጄ፣ ነነዌ ሳይገባ ጥር ሃያ እሑድ ቀን ቆርጠናል። ሙሽራውም የደባርቅ ልጅ ነው። ያችን ቀይ መኪናህን ይዘህ ና፣ ልጅቱን በእሷ እንሸኛት» አሉኝ። እምቢ የሚባል ነገር አይደለም። እትዬ በልጅነቴ ክረምት ክረምት ያሳደጉኝ ሴት ናቸው፤ የገብስ ቆሎ በኪሴ ሞልተው ነው ወደ አዲስ አበባ የሚሸኙኝ የነበሩት።

ባሕር ዳር አድሬ፣ ጎንደር አድሬ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወገራን መውጣት ጀመርኩ። ከጎንደር ዳባት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ደባርቅ ደግሞ 100። መንገዱ አስፋልት ነው። ኮሶዬ ላይ ብርዱ ተቀበለኝ፤ ከኮሶዬ ወዲያ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ሜዳው ተዘርግቶ፣ ገብሱ ታጭዶ፣ ነዶው ተከምሮ፣ ፈረሶች የታጨደው ማሳ ላይ ተለቀው ይታያሉ። ሰማዩ ያለ አንድ ደመና ሰማያዊ ነው። ብርዱ ሰውን ያታልለዋል፤ ፀሐዩ ግን የቆላ ፀሐይ የማይሠራውን ይሠራል። ከባሕር ጠለል 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ቆዳንና ፕላስቲክን የሚጎዳው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። በዚህ መንገድ የሚመላለሱት የአይሱዙ ሹፌሮች ክሩስኮታቸውን ጸጉራም ምንጣፍ ያለብሱታል፣ ጠርዙ ላይም ዘርፍ ያንጠለጥሉበታል። ከተማ ያደገ ሰው ጌጥ ብቻ ይመስለዋል። የአሥር የአሥራ አምስት ዓመት መኪኖች ናቸው፤ ምንጣፉን ገለጥ አድርጌ ያየሁባቸው ሁሉ ክሩስኮታቸው አንድ ስንጥቅ የለበትም። እኔም አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆሜ ጋቢዬን አጥፌ ክሩስኮቱ ላይ አነጠፍኩት።

ሠርጉ ደማቅ ነበር። ጠላው፣ ጠጁ፣ ዶሮው፤ እሑዱ ከነነዌ በፊት የመጨረሻው የፍስክ ቀን ስለነበር ሰው ሁሉ ጠግቦ በላ። ስምንት ሰዓት ላይ ሙሽራዋን ይዘን ልንወጣ ስንል መኪናዬን አበባና ሪባን አልብሰዋታል። ሙሽሮቹ የፊቱ ወንበር ታጥፎላቸው በጭንቅ ከኋላ ገቡ፤ ቬሎው ግማሹን የኋላ መስታወት ሸፈነው። ከፊት ማን ይቀመጥ ሲባል የሙሽራዋ አያት «እኔ ሳልሸኛት አልቀርም» ብለው መጡ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በመጀመሪያ እንዲቀመጡ፣ ከዚያ እግራቸውን እንዲያስገቡ ደገፍኳቸው። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ለሠርጉ ብለው ጠዋት አናታቸውን ቅቤ ተቀብተዋል፤ አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ። ነጠላቸው ጠጥቶት ከጆሯቸው በላይ ቢጫ ሆኗል።

ፎጣ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። «እማማ፣ አንዴ ቀና ይበሉ፣ ፎጣ ላንጥፍልዎ» ማለት ስድብ መስሎ ታየኝና ዝም አልኩ። እሳቸውም ዳባትን ሳንወጣ ራሳቸውን ወንበሩ ላይ ጣል አድርገው አንቀላፉ። ፀሐይዋ በስተግራ በኩል ገብታ ፊታቸው ላይ ተኝታለች። ከኋላ ሙሽሮቹ ይንሾካሾካሉ፣ ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን አያቋርጥም። እኔ በአንድ ዓይኔ መንገዱን፣ በአንድ ዓይኔ ያንን ቅቤ እያየሁ ነዳሁ። በመጀመሪያ አንዲት ነጥብ ነበረች። ከዚያ የአንድ ብር ሳንቲም አከለች። ደባርቅ ስንገባ ከራስ ማስደገፊያው ወርዳ የወንበሩ ትከሻ ላይ ደርሳ የእጄን መዳፍ ታክል ነበር፤ መሀሏ ጥቁር፣ ዙሪያዋ በቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር የተከበበ።

እሳቸው ሲወርዱ እጄን ይዘው መረቁኝ። «መንገድህን ያቅናልህ፣ የእጅህን ይባርክልህ።» አሜን አልኩ፣ ከልቤ ነው አሜን ያልኩት።

ስህተቱን የሠራሁት ማታ ነው። ለማደር ወደ ዳባት ተመልሼ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ በጀበና ውኃ አፍልቼ ኦሞ በጥብጬ ወንበሩን ፈተግሁት። ፍል ውኃ ቅቤውን አቀለጠው፤ የቀለጠው ቅቤ ከጨርቁ አልፎ ስፖንጁ ውስጥ ሰረገ። ኦሞው ደግሞ አረፋ ብቻ ሆነ፤ ባሻሸሁት ቁጥር ጨርቁ ጭረት አወጣ። ጠዋት በብርሃን ሳየው የእጅ መዳፍ የነበረው የምጣድ ክዳን አክሏል፣ ዳርቻውም ላይ ነጭ የሳሙና ጨው ደርቆበታል።

እትዬ በሩን ከፍተው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምነው ልጄ፣ ቅቤ በፍል ውኃ ይታጠባል? ለምን አልቀሰቀስከኝም?» አሉ። ወደ ጓዳ ገብተው የገብስ ዱቄት በወንፊት ነፍተው አመጡ። ደረቁን ዱቄት በጨርቁ ላይ ጣት ውፍረት ከምረው፣ ቀስ አድርገው በመዳፋቸው ተጫኑት። «አትሽው። ጠጥቶ ይጥገብ» አሉኝ። እስከ ማታ ድረስ ሦስት ጊዜ ለወጥነው። የመጀመሪያው ዱቄት ሲነሳ እንደ ገንፎ ሊጥ ተጣብቆ ነበር፤ ሁለተኛው ቢጫ፤ ሦስተኛው ከሞላ ጎደል እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጣ። ፍል ውኃዬ ወደ ውስጥ ያወረደውን ደረቁ ዱቄት ወደ ላይ ሳበው።

ቀጥሎ እንዶድ መጣ። የደረቀ ፍሬውን በሙቀጫ ሲወቅጡት አፍንጫና አፌን በነጠላ አሰሩኝ፤ ዱቄቱ ያስነጥሳል፣ ዓይን ከገባም ያቃጥላል። ቀዝቃዛ ውኃ ጨምረው ሲያማስሉት አረፋው ከሣህኑ አፍ ወጣ። ሳሙና ከመምጣቱ በፊት የዚህ አገር ጋቢና ኩታ ሁሉ የነጣው በእሱ ነው። እትዬ አረፋውን ብቻ፣ ውኃውን ሳይሆን አረፋውን ብቻ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ እየነኩ ጨርቁን ከዳር ወደ መሀል መታ መታ አደረጉት። ከዳር ወደ መሀል፤ ከመሀል ወደ ዳር ሲሆን እድፉ ይሰፋል። ከዚያ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ደጋግመው ጠረጉት። የቆዳውን ክፍል አላስነኩትም፤ «ቆዳ ያደርቃል» አሉ።

የተረፈውን ውኃ ልደፋ ወደ ጅረቱ ሳመራ ጮኹብኝ። «ወንዝ እንዳትጨምረው! የውኃ ነፍሳቱን ይፈጃል።» የሚያውቁት ከእናታቸው ነው። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፦ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ናቸው፤ ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በእንዶድ ምርምራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ውኃውን አጥር ሥር ደፋሁት።

ወንበሩ በጥላ ሥር ደረቀ። እድፉ የለም። እጄን ሳሳልፍበት ኦሞ ያሻከረው ቦታ ብቻ ይታወቀኛል፤ ያ የእኔ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ነበረብኝ። ነገር ግን ሁለት ሚዜዎች ማክሰኞ ዕለት «ደባርቅ ድረስ መጥተህ ሰሜንን ሳታይ?» አሉኝ። እውነትም ነው፤ በልጅነቴ ከሩቅ ያየሁት ተራራ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ መዝገብ የወጣው ገና ባለፈው ሰኔ ነበር፤ ደባርቅ ሰው ሁሉ ስለዚያ ያወራል። ዩኔስኮን ካሳሰቡት ነገሮች አንዱ ፓርኩን ሰንጥቆ የሚያልፈው መንገድ ነበር። እኔም ሴሊካዬን ይዤ የገባሁት በዚያው መንገድ ነው፤ ጠጠር፣ ድንጋይና አቧራ።

ፓርኩ ያለ ስካውት አይገባም። የተመደቡልን ስካውት ሃምሳ ያለፋቸው፣ ጋቢ የደረቡ፣ ጠመንጃ የያዙ ሰው ናቸው። መኪናዋን ዞር ብለው አዩ፣ እኔን አዩ፤ ምንም ሳልናገር ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሁለቱን አጋጭተው አራግፈው፣ በባዶ እግራቸው ገቡ። ጫማውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ኧረ ጋሼ፣ ያድርጉት» ብዬ ለመንኳቸው፣ «ግድ የለም ወንድምዓለም» አሉኝ። ደባርቅ ላይ የማለዳው ውርጭ ገና አልለቀቀም ነበር። እግራቸው ጣት ላይ የተሰነጠቀውን ቆዳ እስከ ዛሬ አየዋለሁ። ማንም ሰው በእኔ መኪና በብርድ ባዶ እግሩን እንዲቀመጥ አልፈልግም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚታጠብ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አንጥፌያለሁ።

ጠመንጃው ሰደፉ ወለሉ ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ጣራ ነው። የስፖርት መኪና ጣራ ደግሞ ዝቅተኛ ነው። ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንሄድ አንድ ጉድጓድ ላይ ስንዘል የጣራው የውስጥ ጨርቅ ሲበሳ ሰማሁት፤ ቀጭን ድምፅ ናት፣ ሸማ ሲተረተር የምታወጣው ዓይነት። አንድ ጣት የሚያስገባ ሆነ። እሳቸው ከእኔ ይልቅ ደነገጡ።

አቧራውን ግን እንዴት ልንገራችሁ። መስኮቱን ሁሉ ዘጋሁ፤ የአየር ማስገቢያውንም ከውጭ እንዳይስብ ዘጋሁ። ብልህነት መስሎኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በኋላው በር ዙሪያ አቧራው እንደ ጭስ ይገባ ጀመር፤ የሚዜዎቹ ጥቁር ሱፍ ዳቦ ቆሎ መሰለ። ቡዪት ራስ ከሚባለው ቦታ ሳንደርስ ደግሞ ጎማ የቦረቦረው መንገድ መሀሉ ጉብታ ሆኖ ቀርቶ መኪናዋ በሆዷ ተቀመጠች። አራቱም ጎማዎች መሬት ይነካሉ፣ ግን አትሄድም። ስካውቱ ጠመንጃቸውን አንግተው እረኞች ጠሩ፤ ስድስት ሰው ሆነን ገፋን። ከዚያ እዚያው ትተናት በእግር ወጣን። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነቀሉ ሲበሉ አየን፤ ከሥራችን መሬቱ ተቆርጦ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ያንን ስላየሁ አልቆጭም።

ስንመለስ አንድ ላንድክሩዘር ቆሞ ነበር፤ ሹፌሩ ቱሪስቶቹን እየጠበቀ ነው። በየቀኑ በዚያ መንገድ ይመላለሳል፣ ውስጡ ግን ንጹሕ ነው። እንዴት አድርጎ እንደሆነ ጠየቅሁት። «መስኮቱን ዝጋ፣ ነፋሱን ግን ከውጭ እንዲስብ አድርገህ በኃይል ክፈተው» አለኝ። መኪና ሲሮጥ ከጀርባው ያለው አየር ይሳሳል፤ የተቦነነው አቧራ ወደዚያ ይጠመዘዝና በኋላ በር ስንጥቅ ይገባል። ነፋሱ ከፊት ተጣርቶ በኃይል ሲገባ ግን መኪናው ውስጥ አየር ይሞላል፣ በየስንጥቁም ወደ ውጭ ይገፋል። እኔ የዘጋሁት መከላከያዬን ነበር። ስመለስ እንደነገረኝ አደረግሁ፤ ጭሱ ቆመ።

ደባርቅ ጎሚስታ ቤት የኮምፕሬሶር ነፋስ አለ። «እንንፋው?» ሲሉኝ እሺ ልል ነበር። ስካውቱ ናቸው ያስጣሉኝ። «ነፋስ አቧራውን ስፌት ውስጥ ይከተዋል፤ ና ከእኔ ጋር» ብለው ከገበያው ጀርባ የበቅሎ ኮርቻ ወደሚሠሩ ሽማግሌ ወሰዱኝ፤ የቀደዱትን ጣራ ሊያሰፉልኝም ነው።

ሽማግሌው መጀመሪያ ጭራ ሰጡኝ። የፈረስ ጭራ፣ እጀታው እንጨት። በስፌቱ መስመር ለመስመር፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳልጫን እንድጠርግ አሳዩኝ። እርጥብ ጨርቅ በኋላ ነው የሚመጣው። የሰሜን አቧራ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨ ነው፣ ጠንካራ ደቃቅ አለበት፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲፈትጉት እንደ ሞረድ ይበላል። ለአንድ ሰዓት ያህል ጠረግሁ። ከሾፌር ወንበር ስፌት ብቻ የወጣው አንድ የቡና ሲኒ ሞላ።

እሳቸው የወንበሬን ግራ ጎን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ቆዳው እዚያ ጋ መንጣት ጀምሯል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አሮጌ ኮርቻ አውርደው አሳዩኝ፤ እሱም ያረጀው ሰው የሚቀመጥበት ቦታ አይደለም፣ እየተንሸራተተ የሚወጣበት ጠርዝ ነው። «ኮርቻ በመቀመጥ አያልቅም። በመውጣትና በመውረድ፣ በላብና በአቧራ ነው የሚያልቀው» አሉ። የበቅሎ ላብ ጨው ነው፤ ካልተጠረገ ቆዳውን ያደርቀዋል። ቅቤ ቢቀቡትስ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፦ ቅቤ አቧራ ይሰበስባል፣ ይሸታል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ በጥላ ማድረቅ፤ ሌላ የለውም። ከዚህ የተሻለ ምክር አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የትኛውም ላቫጆ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ እነሱ የሚያብለጨልጭ ቅባት ቀብተው ነው የሚሸኙህ፣ ማግስቱን አቧራው ይለጠፍበታል። አሁን ቀድሜ ተቀምጬ የምገባው፣ የጂንስ ሱሪም ለብሼ የማልነዳው ለዚህ ነው፤ የኪሱ ብረት ያንኑ ጠርዝ ይፍቃል።

ጣራውን በጎባጣ መርፌ፣ በሰም በተለወሰ ክር ሰፉት። ተጋድመው፣ ጭንቅላታቸውን ፍሬን ላይ አድርገው፣ ጨርቁን ከሥሩ አንድ ቁራጭ ቆዳ አስገብተው ለጥፈው፤ አሥራ አንድ ስፌት። ክሩ ቡናማ ነው፣ ጨርቁ ግራጫ። ገንዘብ ስሰጣቸው ስካውቱ ቀድመው ከፍለዋል። ብዙ ተከራከርን፤ አልተሳካልኝም።

እትዬ ስሸኝ አንድ የወተት ቆርቆሮ ሙሉ የተወቀጠ እንዶድ ሰጡኝ። በየዓመቱም በሚመጣ ሰው ይልኩልኝ ነበር። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ላይ የሰሜኑ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አጠገብ ሲደርስ ለሳምንታት ድምፃቸውን ሳልሰማ ቀረሁ፤ ከዚያ ወዲህም መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የኖረው። ስልክ ሲሠራ እንነጋገራለን። ሁልጊዜ ስለ ወንበሩ ይጠይቁኛል፣ እኔም ደህና ነው እላቸዋለሁ፤ የሙሽራዋ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ልትገባ እንደሆነ ይነግሩኛል።

ቆርቆሮው ውስጥ ከሥሩ ሁለት ማንኪያ ያህል ቀርቷል። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ የኋላ ወንበር ላይ ወጥ አፍስሳ ከፈትኩት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ወስጄ፣ አፉን በላስቲክ አሥሬ፣ ክዳኑን አጥብቄ መለስኩት።